ስኳሩ አልወርድ ሲል



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ድመት ነው። ፈገግ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መጋቢ ስለ ድመት ጽፎ ባነብ ኖሮ «ይህ ሰው ሥራ ፈቷል» ማለቴ አይቀርም ነበር። በምናነባቸው 66 መጻሕፍት ውስጥ የቤት ድመት ስሟ እንኳ አይነሣም። ነገር ግን ለበለዓም በአህያ አፍ የተናገረ ጌታ፣ ልቡ ለደነደነ አገልጋይ የሚናገርበት መንገድ አያጣም። እኔን በድመት ተናገረኝ። ድመቱ አፍ አውጥቶ አይደለም፤ አልወርድ ባለው ስኳሩ ነው።

ድመቱ ሲምባ ይባላል። ወንድ ነው፤ የተኮላሸ፣ ቢጫማ፣ ዘንድሮ 12 ዓመት የሞላው። እኔ ባደግሁበት ቤት ድመት የምትኖረው ለአይጥ ነበር። «ውሮ» ስንላት ትመጣለች፤ ከዚያ ያለፈ ስም አልነበራትም። ልጄ ግን ያደገችው እዚህ ሜሪላንድ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ባለቤት ያጡ እንስሳት ከሚጠለሉበት ቦታ ይህን ድመት ለምና አስመጣችን። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የተማሪዎች ማደሪያው እንስሳ አይቀበልም ነበርና፣ ሻንጣዋን መኪና ላይ ከጫንን በኋላ ሲምባን አቅፋ ወደ እኔ መጣች። «አባዬ፣ አደራ» አለችኝ። እኛ ሐበሾች ይህች ቃል ምን ያህል እንደምትከብድ እናውቃለን። «እሺ» አልኋት። ያን ቀን አደራው መርፌ እንዳለው አላወቅሁም ነበር።

እርሷ በሄደች በስድስተኛው ወር ሲምባ ውኃ ማብዛት ጀመረ። ጠዋት ሞልቼው የወጣሁትን ሳህን ማታ ባዶውን አገኘዋለሁ። የሚጸዳዳበት አሸዋ በአንድ ቀን ይበሰብሳል። ይበላል፤ ግን አይጠግብም። ቀጥሎ አረማመዱ ተለወጠ። ድመት በጣቶቹ ነው የሚራመደው፤ ሲምባ ግን የኋላ እግሮቹን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ መሬት ላይ እያስተኛ መሄድ ጀመረ። ሶፋው ላይ መዝለልም አቃተው። ባለቤቴ ለሁለት ቀን ካየችው በኋላ «ይሄ ድመት እንደ እትዬ ሆነ እኮ» አለችኝ። እትዬ የምንላት ታላቅ እህቴ ናት። አገር ቤት ናት፤ ስኳር ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗል። ባለቤቴ ልክ ነበረች።

የእንስሳት ሐኪሟ ስትለካው ስኳሩ ከ400 በላይ ነበር። ግን ወዲያው አልፈረደችም። ድመት ሲፈራና ሲጨነቅ ብቻ ስኳሩ ሊያሻቅብ ስለሚችል፣ በአንድ ልኬት ስኳር አለበት አይባልም አለችኝ። ሽንቱን መረመረች፤ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሁኔታ የሚያሳይ ፍሩክቶሳሚን የሚባል የደም ምርመራም አደረገች። ሁሉም አንድ ነገር ተናገሩ። የእግሩም መድከም ስኳሩ ነርቩን ስለጎዳው መሆኑን ነገረችኝ። አብዛኛው የድመት ስኳር እኛ ሰዎች «ሁለተኛው ዓይነት» የምንለውን ይመስላል። በዕድሜ የገፉ፣ የወፈሩና የተኮላሹ ወንድ ድመቶች ይበልጥ ይጠቃሉ። ሲምባ ሦስቱንም ያሟላ ነበር።

ያዘዘችለት ኢንሱሊን ግላርጂን ነበር፤ ለሰው የሚታዘዘው ራሱ። ፋርማሲ ሄጄ የታካሚውን የትውልድ ቀን ሲጠይቁኝ ድመት መሆኑን ለመናገር አፈርሁ። አንድ ዩኒት ጠዋት 12 ሰዓት፣ አንድ ዩኒት ማታ 12 ሰዓት። ምግቡም ከደረቁ ወደ እርጥቡ ተለወጠ፤ ሥጋ የበዛበት፣ ስታርች ያነሰበት። በሽታው በጊዜ ተይዞ ስኳሩ ቶሎ ከተስተካከለ፣ አንዳንድ ድመቶች ያለ ኢንሱሊን ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት መቆየት እንደሚችሉ ነገረችኝ። ይህችን ተስፋ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

የመጀመሪያው ማታ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሠላሳ ዓመት ያህል በታመመ ሰው ራስ ላይ እጄን ጭኜ ጸልያለሁ፤ መርፌ ግን ይዤ አላውቅም። ባለቤቴ ምግቡን አስጠግታ ስታባብለው፣ እኔ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጌ ከፍ አደረግሁና ወጋሁት። ሲምባ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። መርፌው በጣም ቀጭን ነው። ያን ማታ ይበልጥ የተወጋሁት እኔ ነበርሁ።

ከዚያ በኋላ ሕይወታችን በ12 ሰዓት ተከፈለ። የአዳር ጸሎት ሲኖር አንዳችን ቤት እንቀራለን። ኮንፈረንስ ስጠራ መጀመሪያ የማስበው ስብከቱን ሳይሆን ማን መርፌውን እንደሚወጋ ሆነ። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ሳቅ እያለ «ፓስተር፣ አገራችን ላይ ለሰው ያልተገኘ ኢንሱሊን እዚህ ለድመት ሆነ?» አለኝ። አብሬው ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ነገሩ አልወጣልኝም። እውነቱን ነውና።

ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ ምሳሌ 12፥10 ያስተምረናል። ያም ሆኖ ጥቅስ ጠቅሼ ያን ጥያቄ ዝም ላሰኘው አልቻልሁም። አንድ ነገር ግን አነበብሁ። በ1921 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሁለት ሰዎች ኢንሱሊንን ያገኙት በውሾች ላይ ምርምር አድርገው ነው። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በመጀመሪያ የተወጋው ከከብት ቆሽት የተቀመመ ነበር። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመት ያህል የሰው ልጅ በኢንሱሊን የኖረው ከላምና ከአሳማ እየተወሰደለት ነው። በላብራቶሪ በባክቴሪያ አማካይነት የተሠራው ኢንሱሊን በአሜሪካ የተፈቀደው በ1982 ነው። እንግዲህ እህቴን ለዚህ ያደረሳት መድኃኒት ሲገኝ እንስሳት ሞተውበታል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ለሲምባ የምሰጠውን መርፌ እንደ ቅንጦት ማየት ተውሁ። የሽማግሌውንም ጥያቄ ግን አልጣልሁትም። ለሲምባ ኢንሱሊን በገዛሁ ቁጥር የዋጋውን ያህል ለእትዬ መላክ ጀመርሁ። በዚህም ራሴን ጥሩ ወንድም አድርጌ ቆጠርሁ።

ወደ ሲምባ ልመለስ። ስኳሩ አልወረደም።

ከአንድ ወደ ሁለት ዩኒት፣ ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ አራት ወጣን። ቤት ውስጥ መለካት ተማርሁ። የጆሮውን ጠርዝ በሞቀ ጨርቅ አሙቄ፣ በትንሿ መርፌ ነክቼ፣ ጠብታዋን በመለኪያው እወስዳለሁ። መለኪያውም ለእንስሳ የተሠራ ነው፤ የሰው መለኪያ በድመት ደም ላይ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ቀን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ ለክቼ በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። 390፣ 410፣ 377፣ 402። እንደ ስብከት ማስታወሻዬ ተጠንቅቄ የምጽፈው ያ ወረቀት በየወሩ ያንኑ ይነግረኛል።

ሐኪሟ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ኢንሱሊኑ የት ነው የሚቀመጠው? በረዶ ነክቶት ያውቃል? ጊዜው አልፏል? ሲሪንጁ ከኢንሱሊኑ ጋር ይገጥማል? ለእንስሳት ከሚዘጋጁት ኢንሱሊኖች አንዳንዶቹ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ናቸው፤ የኔው ግን 100 ነው፤ ሲሪንጅ ከተቀያየረ መጠኑ ይዛባል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚወጋው? ቦታው ካልተለዋወጠ ቆዳው ሥር ሊደድርና መድኃኒቱ በደንብ ላይሠርግ ይችላል። ጥርሱን አየች፤ የታመመ ጥርስ ስኳርን አልወርድ ያሰኛልና አንድ ጥርስ ነቀለችለት። የሽንት ኢንፌክሽንም ፈለገች። ሁሉም ተስተካክሎ ስኳሩ እዚያው ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እርሷ እነዚህን ስትጠይቀኝ አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷ ላይ ወቀሳ አላየሁም። እኔ ግን በእያንዳንዱ ጥያቄ ራሴን እንደ ተከሳሽ አየሁ። «ሁሉንም አደርጋለሁ እኮ! ሰዓት አላሳልፍም፤ ምግቡን አልለውጥም!» እያልሁ እከራከራለሁ። አደራ የበላሁ መስሎ ተሰማኝ። ልጄ ደውላ «ሲምባ እንዴት ነው?» ስትለኝ «ደህና ነው፤ ጌታ ይመስገን» ማለት ጀመርሁ። ቁጥሩን አልነግራትም። እንደምታዝንብኝ ፈራሁ። አንድ የ50 ምናምን ዓመት መጋቢ በድመት ስኳር አፍሮ ለልጁ ሲዋሽ አስቡት።

አንድ ቀን ማታ መለኪያው 480 አሳየኝ። ተናደድሁ። በማን እንደተናደድሁ አላውቅም። ሐኪሟን ሳልጠይቅ አራቱን ዩኒት ስድስት አደረግሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። ሲምባ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ ዐይኑ ፈጦ አያየንም። ለካሁት፤ 38። ሐኪሟ መጀመሪያ ቀን ያስጠነቀቀችኝ ነገር ይህ ነበር፤ ስኳር ከመጠን በላይ ሲወርድ ከከፍታው ይልቅ ፈጥኖ ይገድላል። ማር በጣቴ ወስጄ ድዱን ቀባሁት። እንዳያንቀው አፉ ውስጥ አላፈሰስሁም። ከዚያ ይዘነው ሌሊት ወደሚሠራ የእንስሳት ሕክምና በረርን። መኪናው ውስጥ ባለቤቴ አቅፋው ጸለየች። እኔ መጸለይ አቃተኝ። ለመግደል ምንም ያህል አልቀረኝምና። ጭካኔ አልነበረም፤ ቁጥሩን በእጄ አስገብቼ ማረፍ ፈልጌ ነው።

ሲምባ ተረፈ። በማግስቱ ለሐኪሟ ያደረግሁትን ነገርኋት። «ከእንግዲህ ሳይጠይቁኝ መጠን እንዳይጨምሩ» አለችኝ፤ በጥብቅ። ከዚያ ወረቀቶቼን ሁሉ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋችና ዝም ብላ አየቻቸው። ሚዛኑ ላይ አወጣችው። «ስኳሩ ያልተስተካከለ ድመት ይከሳል» አለች፤ «ይህ ግን ክብደት እየጨመረ ነው።» እኔ በመጨመሩ እግዚአብሔርን ሳመሰግን ነበር! መዳፉን ገልብጣ አየች፤ ሰፍቷል። የታችኛው መንጋጋው ወጣ ብሏል። ያንኮራፋ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያንኮራፋል፤ ባለቤቴ እኔ መስዬአት ስትቀሰቅሰኝ ሰንብታለች። «ፓስተር፣ እርስዎ የሠሩትን ሁሉ አይቻለሁ። ጥፋት ፍለጋውን እናቁምና ምክንያት እንፈልግ» አለችኝ።

ደሙ አይ ጂ ኤፍ 1 ለሚባል ምርመራ ተላከ። ውጤቱ በጣም ከፍ ብሎ መጣ፤ ቀጥሎ የተነሣው የጭንቅላት ምስልም አረጋገጠው። በሽታው አክሮሜጋሊ ይባላል። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። በሲምባ ዕጢ ላይ እብጠት ወጥቶ የእድገት ሆርሞን ያለ ልክ ያመነጫል፤ ያ ሆርሞን ደግሞ ሰውነቱ ለኢንሱሊን ጆሮ እንዳይሰጥ ያደርገዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ ስጣራ፣ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ነገሩ ያን ያህል ብርቅም አይደለም። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በእንግሊዝ ስኳር ያለባቸውን ከ1,200 በላይ ድመቶች ደም መርምሮ፣ ከአራቱ በአንዱ ያህል ይህን ሆርሞን የሚጠቁመው ልኬት በጣም ከፍ ብሎ አግኝቷል።

ሐኪሟ «የማንም ጥፋት አይደለም» አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላስነሣ ተቀመጥሁ። እፎይ ማለት ሲገባኝ እትዬ ትዝ አለችኝ።

አገር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሁ ጊዜ ነው። እትዬ ቤት ገበታ ቀርቦ፣ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ከበውን ተቀምጠናል። በዚያ ሳምንት ሐኪም ቤት ስኳሯን ለክተው ከፍ ብሎ እንደተገኘ ሰምቼ ነበር። አምባሻ ቆርሳ ስታነሣ አየኋት። እጄን ሰድጄ ከእጇ ወሰድሁት። «እትዬ፣ ስኳርሽ የማይወርደው ስለማትታዘዢ ነው። ሰውነትሽ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፤ አንቺ ግን ትጫወቺበታለሽ» አልኋት። በልጅ ልጆቿ ፊት። እኔ ልጅ ሳለሁ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝን እህቴን። እርሷ ምንም አልመለሰችም። እጇን በነጠላዋ ጠረገችና ውኃ ልታመጣ ተነሣች። እኔ እውነትን በድፍረት የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደውዬ «ስኳርሽ እንዴት ነው?» ስላት መልሷ አንድ ሆነ፤ «ደህና ነው፤ ጌታ ይመስገን»።

ያን መልስ አሁን አወቅሁት። እኔም ለልጄ የምለው እርሱን ነው።

ወገኖቼ፣ ዮሐንስ 9ን በነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ብዙ ጊዜም ሰብኬዋለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ የጠየቁት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ነው፤ ራሱ ወይስ ወላጆቹ። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። እነርሱ ስለ ሰውየው ሲወያዩ፣ ጌታ ወደ ሰውየው ጎንበስ አለ። ይህን ስሰብክ ሁልጊዜ ራሴን ከጌታ ጋር አቆም ነበር። እትዬ ገበታ ላይ ግን የቆምሁት ከጠያቂዎቹ ጋር ነበር። የእንስሳት ሐኪሟ ለአንድ ድመት ያደረገችውን እኔ ለእህቴ አላደረግሁም። ሐኪሟ በጥያቄዎቿ መፍትሔ ፈለገች፤ እኔ አንድም ሳልጠይቅ ፈረድሁ። ብር ልኬላት አውቃለሁ፤ እንዴት እንደምትወጋ ግን ጠይቄአት አላውቅም።

በማግስቱ ሲምባን ጠዋት ከወጋሁት በኋላ ደወልሁላት። እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ነበር።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ ከእጅሽ አምባሻ የወሰድሁብሽን ታስታውሻለሽ?» አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ «ተወው፤ የቆየ ነገር ነው» አለችኝ።

«አልተውም። በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ» አልሁና የሲምባን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋት። ሰምታ ስትጨርስ ሳቀች። «ስንት ዓመት መጽሐፍ ቅዱስ ተምረህ፣ ይቺን ድመት አስተማረህ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እርሷ አለቀሰች፤ እኔም።

ያን ቀን የሐኪሟን ጥያቄዎች ለእትዬ ጠየቅኋት። ኢንሱሊኑን የት እንደምታስቀምጥ ስጠይቃት፣ መብራት ስለሚጠፋ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እንደምታኖረው ነገረችኝ። እኔ ከፍሪጅ አውጥቼ ስወጋ፣ እርሷ ጠዋትና ማታ አሸዋ ታረጥባለች። ይህች ሴት ናት ችላ ባይ ያልኋት! የት እንደምትወጋ ስጠይቃት «ቀኝ ጭኔ ላይ ነዋ፤ አሁንማ ደድሯል፤ አያመኝም» አለችኝ። ለዓመታት አንድ ቦታ! ማታ ማታ ደግሞ አንዳንድ ቀን ሳትወጋ እንደምታድር ነገረችኝ። አንድ ሌሊት ብቻዋን ሳለች ስኳሯ ወርዶባት ላብ አጥምቋት፣ በዳዴ ሄዳ ስኳር እንደቃመች አወጋችኝ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ትፈራዋለች። ይህን ለማን ትናገር? ለእኔ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እትዬ በሽታዋን እንድትደብቅ ያደረግኋት ግን እኔ ነኝ።

ልጇ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ነርሷ የደደረውን ቦታ እንድትተውና ሆዷንና ሁለቱን ጭኖቿን እያፈራረቀች እንድትወጋ አስተማረቻት። ሐኪሙም ደህናው ቆዳ መድኃኒቱን በደንብ ስለሚያስገባ ስኳሯ በድንገት እንዳይወርድ መጠኑን ቀነሰላት። ማታም የልጅ ልጇ አብራት ታድራለች። ስኳሯ እንደሚፈለገው ወርዷል አልልም። አንዳንድ ሳምንት ይወርዳል፤ አንዳንድ ሳምንት ይወጣል። ነገር ግን አሁን ቁጥሩን ትነግረኛለች። ሲከፍም ትነግረኛለች።

ሲምባስ? ለበሽታው የጨረር ሕክምና አለ፤ በጥቂት ቦታዎች ደግሞ ያቺን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ያወጣሉ። ዋጋውን ሰምተን፣ ዕድሜውን አስበን፣ ከልጃችን ጋር ተማክረን ተውነው። ለልጄ ሁሉንም ነገርኋት፤ የዋሸሁትንም፣ ያን ሌሊት ያደረግሁትንም። «አባዬ፣ ቁጥሩን ሳይሆን እርሱን ነው አደራ ያልሁህ» አለችኝ። ዛሬ ሲምባ የሚወስደው በአንድ ጊዜ 11 ዩኒት ነው፤ የሚታዘዘውም በሐኪሟ ብቻ ነው። እርሷም ግቡን ለወጠችልን። ትክክለኛውን ቁጥር ማሳደድ ትተን፣ ውኃ ጥሙ እንዲቀንስ፣ እንዲበላ፣ ስኳሩም በድንገት እንዳይወርድበት እንጠብቃለን። የሆርሞኑ መጠን ስለሚለዋወጥ አሁንም ፍርሃት አለ፤ ማሩ ከአልጋችን አጠገብ ነው። ሶፋው ላይ ግን እንደገና መዝለል ችሏል።

አገልጋይ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በየቤተ ክርስቲያናችን ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ሁሉንም አድርገው ያልተሻላቸው ቅዱሳን አሉ። ጸልዩላቸው፤ እኔም እጸልያለሁ፤ ጌታ ይፈውሳል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ከጸሎት በኋላ ኢንሱሊናቸውን እንዲያቆሙ አትንገሯቸው፤ ሲያቆሙም ዝም ብላችሁ አትዩ። ኢንሱሊን የግድ ለሚያስፈልገው ሰው ማቆም በቀናት ውስጥ ሞት ሊሆን ይችላል። ካልተሻላቸውም እምነታቸውን አትመርምሩ። ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም፤ ጸጋው ግን አልተለየውም። እኛ መውጊያው ላይ ሁለተኛ መውጊያ አንሁን።

አንተ ስኳርህ አልወርድ ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ቁጥሩ ኃጢአታችሁን የሚያነብ መዝገብ አይደለም። ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ፤ የምትወጉበትን ቦታ አሳዩ፤ የምትፈሩትን ሌሊት ተናገሩ። የሚሰማችሁ መጋቢ ካጣችሁ፣ ጥፋቱ የእኛ የመጋቢዎቹ ነው።

ቤታችሁ ድመት ያላችሁ ደግሞ፣ ውኃ ካበዛ፣ እየበላ ከከሳ፣ ወይም የኋላ እግሩን መሬት ላይ እያስተኛ ከሄደ አትዘግዩ፤ አስመርምሩት። አደራ ነው።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሲምባን ስለካው 342 ነበር። ጻፍሁት። ምግቡን ሰጠሁት፤ ትናንት ግራ ጎኑ ነበርና ዛሬ ቀኝ ጎኑን ወጋሁት። ራሱን እጄ ላይ አሻሸና ሊተኛ ሄደ። ከዚያ ስልኬን አንሥቼ ለእትዬ ደወልሁ።